የእህቴ ሾትገን

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው በስንት ጥይት መሞት እንዳለበት የምወስነው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ብዬ ስጀምር የማያውቁኝ ሰዎች ወንበራቸውን ትንሽ ሸሸት ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ላስረዳ። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀን ቀን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሥራ ለሚፈልግ ሲቪ አሳምራለሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ስድስቱ ኮምፒውተሮቼ በገመድ ተያይዘው ጦር ሜዳ ይሆናሉ። ሦስት ለሦስት እንከፈልና እስኪመሽ እንታኮሳለን።

ጨዋታው አሮጌ ነው። ዕድሜው ከአንዳንዶቹ ደንበኞቼ ይበልጣል። የመረጥነውም ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ነው፤ የእኛ ኢንተርኔት እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብቅ ሲል ሁሉም ደስ ይለዋል እንጂ እሱን ተማምኖ ልብስ የሚያሰጣ የለም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ በስልካቸው ከቻይና ሰው ጋር እየተጫወቱ የሚያወሩትን እሰማለሁ። እኛ የምንጫወተው አጠገባችን ከተቀመጠው ሰው ጋር ነው። የገደልከው ሰው ክርኑ ከክርንህ ጋር ይነካካል፤ ሲናደድም ትንፋሹ ይሰማሃል።

ስድስታችን ማለት እንዲህ ነው፦ አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ እኔ፣ በኋላ የተጨመረችው እህቴ፣ ስድስተኛው ወንበር ላይ ደግሞ የቀኑ ዕድለኛ። ስለ ስድስተኛው ወንበር ብዙ የምለው የለኝም፤ በየቀኑ ሰው ይቀያየርበታል፤ ሁሉም ቶሎ ይሞታል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ደንበኛ ጠፍቶ ሳለ፣ የጨዋታውን ፋይሎች ስበረብር የመሣሪያዎቹን ዝርዝር አገኘሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስመር አለው፤ አንድ ጥይቱ ስንት ነፍስ እንደሚቀንስ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ፣ ጥይት ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ሁሉም በቁጥር ተቀምጧል። ተጫዋች ሁሉ የሚጀምረው በመቶ ነፍስ ነው። የክላሹ አንድ ጥይት ሠላሳ አምስት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሦስት ጥይት ያገኘው ሰው አይቀመጥም። እስኪ ምን ይሆናል ብዬ የሽጉጡን ቁጥር ከፍ አደረግሁት። በማግስቱ መምህሩ እግሩ ላይ በአንዲት የሽጉጥ ጥይት ተመትቶ ወደቀ። ተነሥቶ ሲያየኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ነገሩም በዚያው ታወቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። የተሸነፈ ሰው ሁሉ መሣሪያ ይከሳል። «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ከወንበሩ የተነሣ ሰው በዚህ ቤት እስከ ዛሬ አላየሁም። ስናይፐሩ በዛ፣ ክላሹ አነሰ፣ ቦምቡ ይጮኻል እንጂ አይገድልም፤ ሁሉም የራሱን ክስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የይዞታ ደብተራቸውን ኮፒ ሊያደርጉ የመጡ አባት ከኋላችን ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እየሮጠ ተኩሶ ነው የሚመታው?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኳቸው። «ውሸት ነው» አሉና ኮፒያቸውን ተቀብለው ወጡ። ከዚያ የተሻለ ትችት ስለ ጨዋታው ሰምቼ አላውቅም።

ሚዛን የሚባለውን ነገር የተማርኩት ግን ከኮምፒውተር አይደለም፤ ከአባቴ ነው። አባታችን በሰፈራችን ሙስሊሞች የኢድ ቅርጫ ላይ ሥጋውን የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። በሬው ታርዶ ከተበለተ በኋላ ቅጠል ይነጠፋል፤ አባቴ እየዞሩ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም፣ ከጮማውም ለእያንዳንዱ መደብ ያደርሳሉ። አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ጮማ ጨመር ያደርጋሉ፤ ጮማ የበዛበት ላይ አጥንት። ከዚያ ሰዉ እጣውን ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። መደቡን ያላየ ሰው እጣዎቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል፤ ማንም የደረሰውን አንሥቶ ይሄዳል። አባቴ ከመደቡት ላይ «ይሄ አንሷል» የሚል ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም።

እኔም መሣሪያዎቹን እንደ ቅርጫ መደብኳቸው። ሩቅ የሚመታው ቀስ ብሎ ይሙላ፤ ቶሎ ቶሎ የሚተኩሰው ጥይቱ ቀለል ይበል፤ ከባድ ጉዳት ያለው ቅርብ ካልሆነ አይምታ። መምህሩና የግብርና ባለሙያው ክርስቲያኖች ናቸው። በዓል ሲመጣ እንጠያየቃለን፣ ቡናም ምሳም አብረን ነው፤ ሥጋችን ብቻ ለየራሱ ነው። ስለዚህ «ከእናንተ ጋር አንድ ቅርጫ የገባነው በመሣሪያ ብቻ ነው» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለት ሻንጣና አንድ የተጎዳ ቀኝ እጅ ይዛ መጣች። ስለ እጇ ለጠየቃት ሰው ሁሉ የተለያየ ታሪክ ትነግር ነበር። ለአንዷ ጎረቤት ግመል ነከሰኝ አለቻት፤ ለሌላዋ እመቤቴን በጥፊ ስመታት ነው አለች፤ ጎረቤቲቱም «ማሻአላህ» ብላ ሄደች። ለእኔ እውነቱን ነግራኛለች። የብረት በር ተዘግቶበት ነው፤ ሐኪም ዘንድ የወሰዷት ከሳምንት በኋላ ነው። ሦስቱ ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ እስከ ግማሽ ብቻ ይታጠፋሉ።

ከመሄዷ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ያውም ጎበዝ። ከመጣች በኋላ ግን መርፌም መቀስም አልነካችም። ታሪኳን ለሰው እየተናገረች ታስቃለች፤ ሰዉ ሲሄድ ጓዳ ገብታ ትቀመጣለች። ከግቢ ሳትወጣ አራት ወር አለፈ። እናታችን አንድ ቀን ልብስ ታጥብ ከነበረችበት እጇን እያራገፈች መጥታ፣ «እንደምንም ብለህ ከቤት አውጣልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም» አለችኝ።

ሥራ በዝቶብኛል፣ ወረቀት የሚያስተካክልልኝ ሰው አጣሁ ብዬ ወደ ሱቄ ወሰድኳት። ውሸቴን አውቃለች፤ መጣች ግን። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ጨዋታው ሲጀመር አንድ ወንበር ባዶ ስለነበር ተቀመጠችበት።

ክላሹን ሞከረች። ክላሽ የሚሸሸውን ሰው በማውስ እየተከተሉ መተኮስ ይፈልጋል፤ እጇ አልቻለም። ስናይፐሩን ሞከረች፤ «ይሄማ ጠላት እስኪመጣ ራት የሚበላበት ነው» ብላ ጣለችው። ከዚያ ሾትገኑን አነሣች። ሾትገን ሩቅ አይሄድም፣ ከአንድ ተኩስ ወደ ሌላው አንድ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲጫኑት ስምንት ፍሬ ጥይት ባንድ ላይ ይረጫል። እያንዳንዷ ፍሬ ያን ጊዜ ሃያ ነፍስ ትወስድ ነበር። አጠገብህ ለመጣ ሰው አንድ ጣት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃሃል። እህቴ ማውሱን በመዳፏ እየገፋች፣ ያልታጠፈ ጣቷን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጋ እየጫነች፣ በር ጥግ ቆማ ትጠብቃለች። በሩን ያለፈ የለም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱን ተቆጣጠረችው። መምህሩን ስትጥለው «አብሽሩ መምህር! በሚቀጥለው ዙር ይነሣሉ!» ትላለች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ይሰማል። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ራሷ እየቀደመች መምጣት ጀመረች። መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ሰላም ትላለች፣ ገበያ ትዞራለች። የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ገብታ ጨርቅ በግራ እጇ እየዳሰሰች «ይሄ ቀለሙን ይለቃል» እያለች ትከራከረዋለች። እሱም አንድ ቀን በረንዳው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አሳይቶ፣ «የስፌት መኪና እዚህ አቁሚ፤ ጨርቅ ከእኔ የገዛ ሁሉ ካንቺ ያሰፋል» አላት። ከደሴ የስፌት መኪና ለማምጣት ተነጋገሩ። እናቴ ይህንን ስትሰማ ያደረገችልኝን ዱአ ጽፌ ባስቀመጥኩት ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ያበላሸውም ክፋት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የግብርና ባለሙያው ነው። ኮፒ የማያስፈልገውን ወረቀት ኮፒ አስደርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ስማኝማ፣ ያ ሾትገን መሣሪያ አይደለም፤ መጥረጊያ ነው» አለኝ። «ንገራታ» አልኩት። «ኧረ ተው! የእጇን ነገር እያወቅሁ?» አለ። በማግስቱ ነጋዴው ጠራኝ፤ «እህትህን እንደ እህቴ ነው የማያት፣ ግን በር በገባሁ ቁጥር መሞት ሰለቸኝ» አለኝ። ለእሷ ይነግራት እንደሆነ ስጠይቀው ደነገጠ። መምህሩ በሦስተኛው ቀን በካሬ ወረቀት ላይ ስሌት ሠርቶ መጣ። ስምንት ሲባዛ በሃያ መቶ ስልሳ፤ ሰው ያለው መቶ፤ ስልሳ ትርፍ። ከሥር በቀይ እስክሪብቶ «ኢፍትሐዊ» ብሎ አስምሮበታል። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሴ ውስጥ ራሱ ከተተውና፣ «ለእሷ እንዳታሳያት፣ ነውር ነው» አለኝ።

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሾትገኑ በዝቷል። የእኔ መደብ ትክክል አልነበረም፤ አንዱ ቅጠል ላይ ሙሉ ጉበቱን አስቀምጬ ነበር። ማስተካከል ነበረብኝ። ችግሩ፣ ለአንዲት ሴት፣ ያውም ከስንት መከራ በኋላ መሣቅ ለጀመረች ሴት፣ «መሣሪያሽ በዝቷልና ልቀንስብሽ ነው» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ባዳን ያቃተ ነገር በወንድም ይብሳል። ስለዚህ ዝም ብዬ ቀነስኩት። እንዳይታወቅም በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያልኩ ነው የቀነስኩት። አሥራ ስምንት አደረግሁት፤ ማንም ልብ አላለም። አሥራ ስድስት፤ አሥራ አራት፤ አሁንም በቅርብ ሲተኮስ ይገድላል። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስምንት ሲባዛ በአሥራ ሁለት ዘጠና ስድስት ነው። ስምንቱም ፍሬ ቢያገኘው ሰውየው በአራት ነፍስ ይተርፋል። እሷ ሁለተኛውን እስክታጎርስ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ክላሽ የያዘ ሰው ሥራውን ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ቀን ነጋዴው በር ገባ፤ ተኮሰችበት፤ አልወደቀም፤ ዞር ብሎ ጣላት። «አግኝቼው ነበር እኮ!» አለች። ከዚያ እጇን አየች። በሚቀጥለውም ዙር እንዲሁ ሆነ፤ አሁንም እጇን አየች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ቀላሉ ጊዜ ያ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ጨዋታው ጣፍጧል፤ እሷም ትለምደዋለች ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

አልለመደችውም። ከመምጣቷ በፊት እጇን በሙቅ ውኃ መንከር ጀመረች። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ትቀባለች፤ ኪቦርዴ ሁሉ በዘይቱ ሸተተ። እየተጫወተች ጣቶቿን በግራ እጇ ትስባለች። «ወትሮ እንዲህ አልነበረም፤ ዘገየብኝ፣ አይደል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ብርዱ ይሆናል» አልኳት። ወሩም ብርድ ነበር፤ ውሸቴ እንኳ አየሩ ተመችቶታል።

ከዚያ ከላላ ከተማ ውስጥ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ ተብሎ ተነገራት። አብሬያት ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ብዙም አላወራችም። ወጌሻው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እጇን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ አጥንቱ ከያዘ ቆይቷል፣ ትንሽ ልሞክረው አሉ። ቅቤ ቀብተው ጣቶቿን አንድ በአንድ መሳብ ጀመሩ። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋን ይዤ ነበር። እህቴ ስታለቅስ ከልጅነታችን ወዲህ አይቻት አላውቅም ነበር። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እላታለሁ። ወጌሻው ሲጨርሱ፣ «ከመጣሽበት አልባሰም፣ ከዚህ የተሻለም አይሆንም» አሉ። ሁለተኛውን ብቻ ነው የሰማችው።

ከላላ ከሄድን በኋላ ሱቄ መምጣት አቆመች። ጓዳዋ ተመለሰች። እናቴ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጠበቀችኝ፤ «እጄ እየከዳኝ ነው አለች። በረንዳውን ለሌላ ሰው ስጡት ብላ በእኔ በኩል ለነጋዴው መልእክት ልካለች። የስፌት መኪናውም ይቅር አለች» አለችኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምንም አታውቅም፤ ግን የምታውቅ መሰለኝ።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ አባቴን መስጊድ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አባባ፣ እጣ ከወጣ በኋላ አንዱን መደብ አሳንሰው እንደነበር ቢያውቁ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ሆኖ ያውቃል» አሉ። ገረመኝ። «አንድ ዓመት ኩላሊቱ ቅጠል ሥር ተንሸራቶ የአንዲት ባልቴት መደብ ጎደለ። ያገኘሁት ስጠርግ ነው።»

«ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ይዤ ሄጄ ነገርኳት።»

«ባይነግሯትስ? አላወቀች።»

ዞር ብለው አዩኝ። «እሷማ አላወቀችም። ድርሻዬ ይኸው ነው ብላ ተቀብላ ነበር። እኔ ግን የሰው ሐቅ ይዤ ኢዱን እንዴት ልውል?» አሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ መዘግየት ማውራት ጀመሩ።

ቤት ስደርስ እህቴ ግቢ ውስጥ በግራ እጇ ምስር ትለቅማለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ።

«እትዬ፣ እጅሽ አልባሰበትም።»

«ሐኪም ሆንክ ደግሞ?»

«ሾትገኑን ቀንሼው ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ምን ማለት ነው ቀንሼው?»

ነገርኳት። ፋይሉን፣ ቁጥሩን፣ ሦስቱ ሰዎች በየተራ መምጣታቸውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም።

«ስንት ነበር?» አለች።

«አንዷ ፍሬ ሃያ።»

«አሁንስ?»

«አሥራ ሁለት።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በልቧ አባዛችው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሒሳቧ ፈጣን ነው። «ዘጠና ስድስት» አለች። «የጎደለኝ አራት ብቻ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አነሣችና ገለበጠችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ከላላ ስንሄድስ ስንት ነበር?» አለችኝ።

እንዳትጠይቀኝ የፈራሁት ይህንን ነበር። «ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሆኖ ነበር» አልኳት።

«ትከሻዬን ይዘኸኝ ነበር» አለች። አልጮኸችም። «ወጌሻው ሲስቡኝ ትከሻዬን ይዘህ አብሽሪ ትለኝ ነበር።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ዛሬ አልልም» አለችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ሰሃኑን ድርግም አድርጋ ታስቀምጥና ትሄዳለች። ሳምንት ሙሉ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እናቴ ሁለታችንንም እያየች ምንም አልጠየቀችም፤ እህቴ ተናዳ ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስትል ማየቱ ጓዳ ከመቀመጧ ሳይሻላት አልቀረም።

በአራተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጨዋታው ሊጀመር ነበር። ሁሉም ሰላም ብለው ወንበር ሊለቁላት ተነሡ። አልተቀመጠችም።

«ሾትገን ይቀነስ ያለ ማን ነው?» አለች።

የግብርና ባለሙያው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር የለውም። በመጨረሻ መምህሩ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። ከዚያ ነጋዴው አወጣ። ባለሙያውም ቀስ ብሎ፣ እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ አወጣ።

«ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም?»

«ቅር ይልሻል ብለን ነው እኮ» አለ ነጋዴው።

«አዎ፣ ቅር ይለኝ ነበር» አለች። «ለአንድ ቀን።»

መምህሩ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ማውሱን በመዳፏ ሳብ አደረገች። እኔን ሳታይ፣ «አሥራ ሦስት አድርገው» አለች።

መምህሩ ወዲያው ገባው። «መቶ አራት!» አለ፤ የጠፋ ነገር ያገኘ ሰው መሰለ። ሃያ ሲሆን ሦስት ፍሬ ብትስት እንኳ ሰው ይሞት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሲሆን አንዲትም ባትስት አይሞትም። በአሥራ ሦስት ግን ስምንቱም ካገኙት ይወድቃል፤ አንዲት ፍሬ ከሳተችው ይተርፋል። እኔ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየዘለልኩ አልፌው የሄድኩት ቁጥር ነው። የበዛበትም የጎደለበትም ሰው ሊቀበለው የሚችል ሌላ ቁጥር አልነበረም። ፋይሉን ሁሉም እያዩ ከፈትኩት፣ ሁሉም እያዩ ጻፍኩት። የመሣሪያዎቹንም ዝርዝር በሙሉ አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ከሥሩም ያለ ስድስታችን ስምምነት አንድ ቁጥር እንደማይነካ ጻፍኩበት።

የዚያን ቀን ከስድስታችን አራተኛ ወጣች። ሁለት ጊዜ ሳተችና ሁለት ጊዜ ሞተች። በሦስተኛው ነጋዴው በር ሲገባ አንድ ጊዜ ተኮሰች፤ ባለበት ወደቀ። «ዋይ!» ብሎ እውነት እንደተመታ ሰው ደረቱን ያዘ። ከአንድ ወር በላይ ያልሰማሁት ሳቅ መንገድ ድረስ ወጣ። ስንለያይ ነጋዴው በረንዳውን ለማንም እንዳልሰጠ ነገራት። «መልእክትሽ አልደረሰኝም» አላት፤ መልእክቱን ያደረሰችው እናቴ ናት፣ በእጁም ሻይ አጠጥቷታል።

የስፌት መኪናው ከደሴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። መቀስ በግራ እጇ መቁረጥ ለመደች። የሠራችው የመጀመሪያ ነገር ለመምህሩ ሱሪ ነው፤ አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ይረዝማል፤ እሱ ግን በካሬ ወረቀት ስሌት ይዞባት አልመጣም። አሁን ቀን ቀን በረንዳው ላይ ትሰፋለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናዋን ሸፍና ወደ እኔ ትመጣለች።

አውፍ በይኝ ያልኳትን እስከ ዛሬ በቃል አልመለሰችልኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ምሳዬን እያሾፈችብኝ ታቀርባለች፣ ሰሃኑን በቀስታ ታስቀምጣለች፤ ይህን እንደ መልስ ልቆጥረው እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ተኩሳ ስትስት ድሮ የምታየው እጇን ነበር። አሁን ዓይኗን ከስክሪኑ አንሥታ እኔን ታያለች።

«ወላሂ አልነካሁትም» እላታለሁ።

ትንሽ ታየኝና ወደ ጨዋታው ትመለሳለች። ማመኗን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።